በአሮጌው ላፕቶፕ ውስጥ የቀረው ፓስፖርት

ፓስፖርቴ እዚህ ዓረብ አገር ያሠራችኝ ማዳሜ ቤት ነው፤ እኔ ሀደት የሚባል ሰፈር ነኝ። ከቤቷ ጠፍቼ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለኝ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ነው የምሄደው። አገሬ ልግባ ብዬ ኤምባሲ የመመለሻ ወረቀት ስጠይቅ የፓስፖርትሽን ቁጥር አምጪ ተባልኩ። ማን ቁጥሩን በቃሉ ይይዛል! ፎቶውን ያነሳሁበት ስልክ ተሰብሯል። የቀረው ግልባጭ ያለው የማዳሜ ልጅ አዲስ ሲገዛ በተወልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ እሱም ገና ሲከፈት ስታክ ያደርጋል።

አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ሐምራ ሰፈር ያለ አንድ የኮምፒውተር ቢሮ ታጸዳለች። እዚያ የሚሠራ ሰው ሦስት ዓይነት ሊኑክስ በሦስት ፍላሽ ጭኖ ሰጣት። በነጻ የሚገኝ፣ ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ፈንታ የሚያስነሳ ነገር ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አሮጌ ማሽን የሚችለው ግን ጥቂቱን ነው አላት።

እሑድ ከጸሎት መልስ፣ መብራት እንደመጣ ጀመርን። የላፕቶፑ ባትሪ ስለሞተ መብራት ከሄደ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። የመጀመሪያው ሲያምር! ግን ማሽኑን ከበደውና ደርቆ ቀረ። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ይሁንና ሜኑ የለውም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እንድጽፍለት ይጠብቃል። እኔ ትእዛዝ መቀበል እንጂ መስጠት የት ለምጄ! ሦስተኛው ሉቡንቱ ነበር። ቶሎ ተነሳ፣ ሜኑውም የማውቀው ቦታ ላይ፣ ከታች በግራ በኩል አለ። ይኼ ነው የኔ አልኩ።

«ያላ፣ ጫኚዋ! የድሮውን ሁሉ አጥፊና ኸላስ» አለች ጓደኛዬ።

«ምኑን ነው የማጠፋው? መውጫዬ እኮ እዚያ ውስጥ ነው!»

«ያኒ፣ መብራቱ ሳይሄድ ብዬ ነው፤ ምን ያስጮኽሻል?»

መጮኼ አሳፈረኝ። መጫኑን ትቼ ሳይጫን መሞከር የሚለውን መረጥኩ። እንዲህ ሲሆን ከፍላሹ ብቻ ይሠራል፣ የድሮውን ፋይል አይነካም። ድምፃችን እንዳይሰማ መስኮቱን ስለዘጋነው ክፍሉ ታፍኗል። ደጃፉ ላይ መኪና ቆመ። ፖሊስ መስሎን እስኪሄድ ድረስ ማውሱን እንኳ አላንቀሳቀስንም። እንዲህ መኖር እንዴት እንዳስጠላኝ!

ከዚያ የድሮውን ዲስክ ከፈትኩ። ከማዳሜ ልጅ ጌሞች በታች የእኔ ፎልደር አለ። ፎቶው ተከፈተ፤ ጉንጬ ሞላ ያለ፣ ምንም የማታውቅ እኔ። ጓደኛዬ እልል ልትል አፏን ያዝኩት።

ቁጥሩን ልገለብጥ እስክሪብቶ አነሳሁ። ያኔ ማዳሜ ፎቶ አንሺ ስትለኝ ፓስፖርቱን ከእጇ አልለቀቀችም ነበር። ጥፍሩ ቀለም የተቀባ አውራ ጣቷ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቁጥሮች ላይ አርፏል።

«አሳድጊው» አለች ጓደኛዬ ቀስ ብላ።

አሳደግኩት። ጣቷ ስክሪኑን ሞላው።