የተበተነችው እንቁላል

ዛሬ ጠዋት የፈላ ውሃ ውስጥ እንቁላል ስሰብር ነጩ እንደ ተቀደደ ነጠላ ተበተነብኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ኮልፌ። እህቴ ሰብለ ከባልትና ክፍል አዲስ ሙያ ተምራ መጣች፤ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ መቀቀል። በማግስቱ ሁዳዴ ስለሚገባ፣ እናቴ ለአያቴ ለቅበላ ያስቀመጠቻትን አንዲት እንቁላል ለምና ወሰደች።

ቤቱ ላምባ ላምባ እየሸተተ ውሃው ቡታጋዙ ላይ ፈላ። አያቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ድስቱ ላይ አጎነበሱ።

«ልብሷን አውልቀሽ ልታጥቢያት ነው?» አሉ።

«ይጠብቁ አባባ፣ ድቡልቡል ብላ ትወጣለች።»

አልወጣችም። ውሃው ውስጥ ተበታትና ቀረች፤ የሰብለ ዓይን እንባ አቀረረ። አያቴ ግን በማንኪያ ቀመስ አደረጉና ወደ እናቴ ዞሩ።

«ቅቤና በርበሬ ጣል አድርጊበት። ለእኔ ብቻ የነበረችው ለሁላችንም ልትደርስ ነው።»

እንጀራ ተፈተፈተበት፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከአንድ ትሪ እየተሻማ በላ።

ከፋሲካ በኋላ ሰብለ ሙያው ገብቷት ድቡልቡሏን እንቁላል በሳህን አቀረበችላቸው። አያቴ በሉና አመሰገኑ።

«ጥሩ ናት» አሉ፣ «ግን ያችኛዋ ትሻላለች።»

እኔም ዛሬ ውሃውን አልደፋሁትም። በርበሬ እየፈለግሁ ነው።