ደሴት ላይ የሚተኛበት አልጋ

የወልቂጤው አውቶቡስ ስድስት ሰዓት ላይ ሊነሳ፣ የእህቴ ሰርግ ደግሞ ነገ ሊሆን፣ እኔ ስጦታ ፍለጋ መርካቶ ዱባይ ተራ ውስጥ እቅበጠበጣለሁ። አንዱ ነጋዴ በሁለት ምሰሶ መሃል የተንጠለጠለ የመረብ አልጋ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ደሴት ላይ የሚዝናኑ ሀብታሞች ከባሕር ዋኝተው ሲወጡ እዚህ ላይ ነው የሚንጋለሉት። ይሞክሩት።»

ወጣሁበት። አንዴ ብገላበጥ መረቡ እንደ ዓሣ ጠቀለለኝ። ብታምኑም ባታምኑም ሰባ ጊዜ ተንፈራገጥኩ፤ መርካቶ በሙሉ ተናወጠች፣ መረቡ ግን ወይ ፍንክች።

«ኧረ ፍቱኝ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው» እያልኩ ስለምን፣ አጠገቤ በተሰቀለው ሌላ መረብ ውስጥ ፊቱን በባርኔጣ ሸፍኖ የተኛ ሰው ተናገረ።

«ወዴት ነህ?»

«ወልቂጤ፣ የስድስት ሰዓቱ።»

«እንግዲያው ተረጋጋ ወንድሜ፣ አያመልጥህም። ሹፌሩ እኔ ነኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ መውጫው ጠፍቶኛል።»