ከመርከቧ ሆድ የሰማሁት

እሑድ ከጸሎት ቤት እንደወጣሁ የእህቴ ልጅ ከሆሳዕና ደወለች። እኔ የምኖረው አሶሳ ነው፤ ባሌን ተከትዬ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ።

«አክስቴ፣ ሽማግሌዎቹ ጃጁራ ሄደው የኤርጫፎን እናት ለቅሶ እንቀመጥ አሏት። እምቢ አለች» አለችኝ። «ልጄን ሞቶ ያየ ሰው ይምጣ ነው የምትለው። ደክማለች እኮ፤ ሳታለቅስለት ልትሞት ነው። አንቺ አብረሽው አልነበርሽም እንዴ?»

ነበርኩ። በእኛ ሰፈር ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሚቀመጠው ያየ ሰው ቆሞ ሲናገር ነው። ስለዚህ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ እጽፋለሁ።

ጊዜው የደርግ መጨረሻ ነው። ቀይ ባህር ዳር፣ ወደብ ላይ ነበርን። ክፍላችን አራት ሰው ነው፦ አለቃችን፣ ኤርጫፎ፣ ሱልጣንና እኔ፤ ሥራችን በጥበቃ መርከቦች ሆድ ላይ፣ ከውሃው በታች፣ የድምፅ መስሚያ ማሰር። መስሚያው ጥቁር ጎማ የለበሰ፣ ሳህን የሚያህል ነገር ነው። ሽቦው ወደ ላይ ይመጣና ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው የሩቅ ጀልባ ሞተር ይሰማበታል። አዳማጯ እኔ ነበርኩ።

ሌላ ጊዜ መስሚያ የሚታሰረው መርከቧ ከውሃ ወጥታ ነበር። መርከብ ማውጫውን ግን መድፍ አፍርሶታል። ያን ቀን ጠዋት ትእዛዝ መጣ፦ ሲመሽ ቁስለኞች ይወጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ጠላት የምንላቸው በፈጣን ጀልባ መንገድ ይዘዋል፤ መስሚያ ሳይታሰር መርከቧ አትነሣም። ውሃው ውስጥ ገብቶ የሚያስር ሰው ተፈለገ። ኤርጫፎ የአየር ጠርሙስ አዝሎ ገባ።

ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ የያዘው ሱልጣን ነው፤ የሆሳዕና ልጅ፣ አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር።

«አንተ የጃጁራ ልጅ፣ ከቆጮ ጉድጓድ ሌላ ምን ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?» አለው።

«አንተስ ከአባትህ ጭነት ሌላ ምን ይዘህ ታውቃለህ? ገመድህን ጠበቅ አድርግ» አለና ጠለቀ።

ከታች ሆኖ መርከቧን በመፍቻ ይመታል። አንድ ከመታ ቆዩ ነው። ሁለት፣ አንድ ብሎን ጠብቋል። ሦስት፣ ሳቡኝ። በዚያ ሰዓት ሞተር ይጠፋል፤ ማንም አይራመድም፤ ሳል የያዘውም አፉን ይይዛል። እኔ ማዳመጫውን አድርጌ የሰማሁትን በጣቴ አሳያለሁ።

ከቀትር በኋላ መድፉ ጀመረ። የመጀመሪያው ከመጋዘኑ ጀርባ ወደቀ። ሁለተኛው ባህሩ ውስጥ፣ ራቅ ብሎ። ውሃ ድምፅ አያበርድም፤ ተሸክሞ ያመጣዋል።

«ምን ይላል?» አለኝ የመርከቧ አዛዥ።

«ሁለት መታ፣ ጌታዬ።»

«ይበቃል። ሳቡት።»

ሱልጣን ሳበ። ኤርጫፎ ከታች መልሶ ሳበ። አልጨረስኩም ማለቱ ነው።

«እምቢ አለ» አለ ሱልጣን። «እናቱም እንዲህ ናት፤ አውቃታለሁ።»

አንድ ብሎን ቀርቶት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ሰማሁ፤ ሁለት ጣት አነሣሁ። ከዚያ አንድ መታ። ቆዩ ማለቱ ይሁን፣ ሳቡኝ ሊል የጀመረው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስተኛው መድፍ ከመርከቧ ጎን ውሃው ውስጥ ፈነዳ።

ግራ ጆሮዬ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። ስነሣ ሱልጣን ሆዱን ተመትቶ ቁጭ ብሏል። ደሙን አያይም፤ ገመዱን ይስባል።

«ቀለለኝ» አለ። «ገመዱ ቀለለኝ።»

አለቃችን ልብሱን ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ሲገባ አየሁ። ሲወጣ አላየሁም። እኔን ቀና አድርገው ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮዬ ላይ አሰሩልኝ። ሲመሽ ተነሣን። መስሚያው ይሠራ ነበር። ሁለት ጊዜ ሞተር ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ አዛዡ አቅጣጫ ቀየረ። ብዙ ቁስለኛ በሕይወት ደረሰ። ሱልጣን ግን ሳይነጋ ሞተ። በሃይማኖቱ የሚጸልይለት ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ በራሴ ጸለይኩለት፣ ጌታ ይቀበለው። ፊቱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ። የእሱን ሞት አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለኤርጫፎ እናት ደወልኩ።

«እማማ፣ እኔ አብሬው ነበርኩ።»

«አየሽው?»

«ሰማሁት።»

«የሰማ ሞልቷል፣ ልጄ። ቀበሌው ሰምቷል። ሽማግሌው ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። ዓይን ነው የጠፋው» አለችኝ።

አየሁት ብል ኖሮ በማግስቱ ድንኳን ይተከል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልቻልኩም፤ ሐሰት ለሙት ከፈን አይሆንም።

ከአራታችን አንዱ ሞቷል። አንዷ አለሁ። ሁለቱን የት ልቁጠራቸው?

ያን ቀን ከእኛ በኋላ ወደቡ ላይ የቀራችሁ፣ ከውሃው ዳር ሬሳ ያነሣችሁ፣ በየትኛውም ወገን የነበራችሁ፦ ወገቡ ላይ የተበጠሰ ገመድ የታሰረበት ረጅም ጠይም ልጅ ካያችሁ፣ እባካችሁ ወደ ጃጁራ ሂዱ። ገበያው ላይ የኤርጫፎ እናት ቤት ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። እንዴት እንደሞተ አትጠይቃችሁም፤ ማን ተኮሰም አትልም። አየሁት በሏት። ቶሎ ሂዱ።