ጭልፊቷን የጠበቀችው ብሎን

ሰዉ ሁሉ ብሎን ይላታል። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሠሩት የሊፍት ጠጋኞች ናቸው፤ አንዴ ከያዘች አትላላም ብለው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ሕንፃ ሊፍቶች ውስጥ ስትወጣ ስትወርድ፣ እጇ በቅባት ሲጠቁር ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ምድር ቤት አወረዷት። መስኮት የሌለው ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አራት ስክሪን። ሥራዋ ሊፍቶቹን መከታተልና ሰው መሀል ላይ ተዘግቶበት ሲቀር «አይዞህ፣ ምንም አትነካካ፣ እየመጣን ነው» ማለት ነው።

በአራተኛው ስክሪን ጥግ ላይ ግን ሊፍት አልነበረም፤ ጭልፊት ነበረች። ያቺ ሰማይ ላይ ከወፍ ሁሉ ፈጥና የምትወረወረው ዓይነት። አንድ የወፍ ተመራማሪ በአሥራ አራተኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ጠጠር የሞላ ትሪ አስቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ ካሜራ ተክሎ በኢንተርኔት ለቆታል፤ የፈለገ ሁሉ በቀጥታ ያያል። ጭልፊት ጎጆ አትሠራም። ጠጠሩን በደረቷ ጎድጎድ ታደርግና ትተኛበታለች። እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ የሸክላ ቀለም ያላቸው ሦስት እንቁላሎች ነበሩ።

ብሎን ሊፍት በምትመዘግብበት ደብተር ጀርባ ጭልፊቶቹን መመዝገብ ጀመረች። አጻጻፏ ያው የሊፍት ነው። «2፡40፣ ወንዱ ርግብ ይዞ ደረሰ። 2፡52፣ ወንዱ ሴቷን ተክቶ እንቁላል ላይ ተቀመጠ። አቀማመጡ ልክ አይደለም።» ወንዱ ከሚስቱ በጣም ያንሳል፤ ሦስቱን እንቁላል መሸፈን አቅቶት ሲንቆራጠጥ ብሎን ስክሪኑን በጣቷ ትመታለች።

«ወደ ግራ በል እንጂ አንተ! ለይስሙላ ነው እንዴ የተቀመጥከው?»

እንቁላሎቹን መታቀፍ በጀመሩ በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስክሪኑ ላይ ገመድ ታየ። ከላይ ወርዶ ከትሪው ጎን ተወዛወዘ። ጭልፊቷ ብድግ ብላ ጮኸችና ተወረወረች። ብሎን ሰዓቷን ያዘች። ጭልፊቷ የተመለሰችው ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ እንቁላሎቹ ብቻቸውን ቆዩ ቢባል አራት ደቂቃ ነበር።

ሕንፃው ሊቀባ ነው። ቀለም ቀቢዎቹ የሚሠሩት በገመድ ተንጠልጥሎ በጣራው ሞተር በሚወጣና በሚወርድ ሳጥን ውስጥ ቆመው ነው። ከረቡዕ ጀምሮ ሳጥኗ ከነሰዎቿ በዚያ ጠርዝ ፊት ልትቆም ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ። እንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት ደግሞ እሑድ ነው።

ቀቢዎቹን የሚመራው የእህቷ ልጅ ነው፤ አዝላ ያሳደገችው፣ አሁን የሁለት ልጆች አባት። ደረጃው ሥር አገኘችው።

«እቴቴ፣ ዝናቡ የሚመታው ይሄን ወገን ነው» አላት። «ከሱ ካልጀመርኩ ይቀድመኛል። ደሞ ወፍ ናት እኮ! ሌላ ቦታ ሄዳ ትውለድ።»

«እናትህን በዘጠነኛ ወሯ ሌላ ቦታ ሄደሽ ውለጂ ቢሏት አንተ ዛሬ የት ትገኝ ነበር?»

«ወፍ ከናቴ ጋር ታወዳድሪያለሽ?»

«ለእናትህ እንዳትነግራት እንጂ ወፏ ትሻላለች። ቢያንስ አትነዘንዝም።»

ሳቀ። «ትእዛዙ የኔ አይደለም፤ አስተዳዳሪውን አናግሪ» ብሎ ባልዲውን አንስቶ ሄደ።

አስተዳዳሪው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ደብዳቤ ያስገቡ» አላት። አስገባች።

«በስብሰባ እናየዋለን።»

«ስብሰባው መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«እንቁላሎቹ እኮ የሚያሞቃቸው አጥተው እስከ ሰኞ ያልቅላቸዋል!»

«እንግዲህ አጀንዳ ላይ ይያዛል።»

ተመራማሪው ጋ ደወለች። «እኔ ካሜራው ላይ እንጂ ሕንፃው ላይ ሥልጣን የለኝም» አለ፤ አዝኖ ነው ያለው፣ ግን አለ።

ጉዱ ይሄ ነው። ያን ቀን ካሜራውን ስድስት ሺህ ሰው እያየ ነበር። ገመዱን ሁሉም አይቷል። አንዱ «የኔ ምስኪን» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው የተሰበረ ልብ ይልካል፣ ሦስተኛው የሚያለቅስ ፊት ይደረድራል። ስልክ አንስቶ ሕንፃው ጋ የደወለ ግን አንድ ሰው፣ አንድም ሰው አልነበረም። የሕንፃው ቁጥር ከምስሉ ሥር ተጽፎ! ማዘን እንደ ሥራ የሚቆጠርበት ዘመን ላይ ደርሰን፣ እንባውን የጠረገ ሁሉ የድርሻዬን ተወጣሁ ብሎ ይተኛል።

ብሎን ልብ አልላከችም። ረቡዕ ጠዋት ቀቢዎቹ ልብስ ሲቀይሩ ሊፍቱ እስከሚደርስበት ወጣች፤ እስከ ጣራው የቀሩትን ሃያ ሁለት ደረጃዎች በዚያ ጉልበቷ፣ ብረቱን እየያዘች፣ ጥርሷን ነክሳ ጨረሰቻቸው። የሳጥኗን ሞተር ኤሌክትሪክ አጠፋችና ማጥፊያው ላይ ቀይ ጓጉንቸሯን ቆለፈችበት፤ ስሟ የተጻፈበትን ካርድም አንጠለጠለች። ከዚያ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች።

በጠጋኞች ዘንድ ይሄ ተራ ቁልፍ አይደለም። እያንዳንዱ ጠጋኝ አንድ ቀይ ጓጉንቸር አለው፤ መክፈቻውም አንድ ብቻ ነው። የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወይ ገመድ ላይ ሲንጠለጠል ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ይቆልፍና ስሙን የጻፈበት ካርድ ያንጠለጥላል። ትርጉሙ፣ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። ከቆለፈው ሰው በቀር ማንም አይከፍተውም፤ አለቃም ቢሆን፣ የሕንፃው ባለቤትም ቢሆን።

አስተዳዳሪው እያለከለከ መጣ፤ ከኋላው የእህቷ ልጅ።

«ይክፈቱት!»

«አልከፍትም።»

«ከሥራ ይባረራሉ!»

«ምድር ቤት ነው ያለሁት፤ ከዚያ ወዴት ነው የምታወርዱኝ?»

አስተዳዳሪው ወደ ቀቢው ዞረ። «መቁረጫ አምጣና ቁረጠው!»

የእህቷ ልጅ መቁረጫውን ከመሣሪያ ቦርሳው አወጣ። ጎንበስ ብሎ ካርዱን አነበበ። መቁረጫውን መሬት አስቀመጠው።

«አልቆርጥም ጌታዬ።»

«ውስጥ ማንም የለም እኮ! ይቺው ተቀምጣለች!»

«አያለሁ። ዛሬ ማንም የለም ብዬ ከቆረጥኩት፣ ነገ እኔ ታች ተንጠልጥዬ ሌላው ማንም የለም ብሎ ይቆርጠዋል።»

ብሎን ፈገግ አለች። ዞሮ አያት።

«አንቺም አትሳቂ። ዋሽተሻል። ሰው ሳይኖር ሰው አለ ብለሽ ቆለፍሽ። ይሄን ቁልፍ እንደ ሕይወትህ እየው ብለሽ ያስተማርሽኝ ራስሽ አይደለሽም?»

ፈገግታዋ ጠፋ። ሃያ ስድስት ዓመት ስትቆልፍ አንድም ቀን በከንቱ ቆልፋ አታውቅም። ልጁ እውነቱን ነው፤ ያበሳጫትም እውነት መሆኑ ነው። ተነሳች፤ በራሷ እጅ ከፍታ ጓጉንቸሯን ኪሷ ከተተች።

«ጥፋቴ ነው» አለች። «በደብተሩ ላይ ራሴ እጽፈዋለሁ፣ እፈርምበታለሁ። አንተ ግን ይሄን ሳታነብ ሳጥኗ ውስጥ እግርህን አታገባም» ብላ ይዛው የወጣችውን ደብተር ጀርባ ደረቱ ላይ ለጠፈችበት።

ቆሞ አነበበ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ። አሥራ አንዷ ደቂቃ ላይ ሲደርስ መልሶ አነበባት።

«ይሄ ‹አቀማመጡ ልክ አይደለም› የሚባለው ማነው?»

«ባልየው።»

«እኔን ነው የሚመስለው» አለ። ደብተሩን መለሰላት። «ጫጩቶቹ መቼ ይበራሉ?»

«ከተፈለፈሉ አርባ ቀን ገደማ ይፈጃሉ።»

በጣቱ ቆጠረ። የቀሩት ሦስት ወገኖች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ስድስት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ዝናብ ነው።

«ይሄን ወገን ከዝናብ በኋላ እቀባዋለሁ» አለ።

«ውሉ እንዲህ አይልም!» አለ አስተዳዳሪው።

«ውሉ ሕንፃው ይቀባ ይላል። በየት በኩል ይጀመር አይልም። አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

ያን ቀን ሳጥኗ በጀርባ በኩል ወረደች። ለብሎን የአሥራ አምስት ቀን እገዳ ተጻፈላት፤ የልጁ ሐሳብም ሰኞ ስብሰባው ካልተቀበለው ዋጋ እንደሌለው ተነገረው።

እሑድ እህቷ ቤት ሄዳ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ካሜራውን ልታይ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ላይ አንዱ እንቁላል ተሰነጠቀ፤ ከውስጡ እርጥብ ነገር ተንፈራገጠ። ማታ ሁለት ሆኑ። ሦስተኛው ዝም ብሎ ቀረ። ብሎን ሦስተኛውን ደጋግማ አየችው።

«ይሄ ነው ካንጀትሽ ያስቆጣሽ?» አለች እህቷ። «እርጥብ ጥጥ! ልጄንም ይዘሽው ገደል ልትገቢ ነበር።»

እዚያው አድራ ሰኞ ጠዋት ብሎን ጫማዋን አሰረች፤ ደብተሩን ብብቷ ሥር ያዘች።

«የታገደ ሰው ስብሰባ አይገባም» አለች እህቷ።

«አልገባም። በሩ ላይ እቆማለሁ። ሲገቡ አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ፤ ሲወጡም እዚያው ያገኙኛል።»

«ጉልበትሽስ?»

«ወንበር ይዤ እሄዳለሁ» አለችና ከጠረጴዛው አንዱን ወንበር አንስታ ወጣች።