ሁለት ሻማ በቡፌው ላይ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጄ ሜላት የመስኮቱን ደፍ ወልውላ ሁለት ሻማ አቁማበት አገኘኋት። አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ሐምራዊ፤ ሁለቱም ሽቶ ሽቶ ይላሉ። አጠገባቸው ሽፋኑ ላይ ኮከብ የተለጠፈበት አዲስ ደብተር ተዘርግቷል። ሜላት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከጓደኛዋ ከሳሮን ጋር ተኳርፋለች፤ ነገር ስትደብቅ ድምጿ ይቀጥናል።

«ማሚ፣ እንዳትስቂ። ማለቴ… ስልክ ላይ ያየሁት ነው። ከሳሮን ጋር እንድንታረቅ ነው። በቃ ሻማውን አብርተሽ የምትፈልጊውን ታስቢያለሽ፣ ከዚያ ያደረግሽውን ትጽፊያለሽ።»

አልሳቅኩም። ደብተሩን ጎንበስ ብዬ አየሁና «የጨረቃዋን ሁኔታ አልጻፍሽም» አልኳት።

ሜላት ከደብተሩ ቀና ብላ አየችኝ። ሶፋው ላይ የተቀመጠችው እናቴም ወደ እኛ ዞር አለች። ዓይኗ ደክሟል እንጂ ጆሮዋ የሚያመልጠው ነገር የለም። እኔ ግን ያን ጊዜ በሐሳቤ ጎተራ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ቤታችን ውስጥ አልነበርኩም። ካዛንቺስ ነበርኩ፤ ክረምት ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እጠብቃለሁ። ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት ነበር፤ አንድ ሰፊ ክፍል፣ በመጋረጃ የተከፈለ መኝታ፣ ግቢው ጥግ ላይ ማድ ቤት። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ይሆንና አስፋልቱ ዳር በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ዣንጥላቸውን ዘርግተው ይደረደራሉ። የዚያን ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር፤ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ጨለማውን ለምደነው ስለነበር የሚገርመን መብራቱ ሲመጣ ነበር።

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ፣ እናቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ። ሁለቱም የሰሜን ሰዎች ናቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ እርስ በርሳቸው በትግርኛ ነበር የሚያወሩት። እኔ ትግርኛን በጆሮዬ እንጂ በአፌ አልችለውም። ስለዚህ የዚያን ዓመት ግንቦት ላይ ሲኳረፉ ከቤታችን የጠፋው ጨዋታ ብቻ አልነበረም። አንድ ሙሉ ቋንቋ ጠፋ።

የተኳረፉት በኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ የመመዝገቢያውን ቅጽ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ ሞልታ ለአባቴ ሰጠችው፤ አባቴ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ቀነ ገደቡ አለፈ። ስትጠይቀው «ረሳሁት» አላት። አባቴ ደግሞ የሃያ ዓመት ደብዳቤ በቁጥሩ የሚያስታውስ ሰው ነበር። እናቴን ያቃጠላት ቤቱ መቅረቱ አይመስለኝም። ረሳሁት ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ መልእክተኛዋ እኔ ሆንኩ። እሷ በቀኙ ጥግ ወንበሯ ላይ፣ እሱ በግራው ጥግ ወንበሩ ላይ፣ በመካከላቸው ረጅሙ ቡፌና እኔ።

«ሶስና፣ እራት ቀርቧል በይው።»

«አባዬ፣ እራት…»

«ሰምቻለሁ። እጄን ልታጠብ በያት።»

መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ግን እናቴ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አየኋት። ላንቻ ያለችው አክስቴ ስትመጣ ደግሞ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። እናቴ ለእንቁጣጣሽ እኔን ይዛ አክስቴ ጋ ልትገባ ነው። አባቴን ብቻውን፣ ከነጋዜጣው፣ በዚያ ጥግ ተቀምጦ በሐሳቤ አየሁት።

ጓደኛዬ ሊያን ያገኘኋት በዚያ ሰሞን ነው። ወንድሟ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ኢንተርኔት ቤት ነበረው፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት አንድ በቆሎ በልተን እንጨርስ ነበር። ሊያ ከወር በፊት ያገኘችውን ነገር አሳየችኝ። ዊካ ይባላል። ባሕር ማዶ፣ በቅርብ ዘመን የተነሣ እምነት ነው፤ ጨረቃንና ወቅቶችን ያከብራሉ፤ በሻማ፣ በቅጠልና በቃል ምኞታቸውን ለማስፈጸም ይሞክራሉ። ከሁሉ የበለጠው ሕጋቸው ማንንም አለመጉዳት ነው ይላል።

ሊያን የማረካት ፎቶው ነበር፤ ካባ የለበሱ ሴቶች ጫካ ውስጥ ቆመው። እኔን የማረከኝ መዝገቡ ነው። ዊካ የሚከተል ሰው የጥላዎች መጽሐፍ የሚሉት ደብተር ይይዛል፤ የሠራውን ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነጨረቃዋ፣ ከነውጤቱ ይጽፍበታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እየተባለ በመዝገብ ቤት ሰው እጅ ላደገች ልጅ ይህ ከአስማቱ በላይ ደስ የሚል ነገር ነበር።

የመረጥኩት ሥራ ቀላል ነው። ሁለት ሻማ ለሁለት ሰዎች ይሰየማል፤ አራርቆ ያቆሟቸዋል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለጥቂት ጊዜ ያበሯቸውና ትንሽ ትንሽ እያስጠጉ በሰባተኛው ቀን ያገናኟቸዋል።

«ባክሽ ሰዎቹን ሳታስፈቅጂ አይሠራም ይላል» አለችኝ ሊያ፣ በጣቷ እያሳየችኝ።

«የማይነጋገሩ ሰዎችን እንዴት አድርጌ ላስፈቅድ?»

«እሱስ ነው» አለች።

ሻማውን ለመግዛት መጀመሪያ የሄድኩት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ነበር። ጧፍ ሻጯ ፊት ስደርስ እጄ ተሳሰረ። ለመቅደስ የተዘጋጀን ጧፍ ለእንዲህ ያለ ነገር! በር ተሳልሜ ተመለስኩና ከሰፈራችን ሱቅ ሁለት ነጭ ሻማ ገዛሁ። አንዱ ላይ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ ጥለት የመዘዝኩትን ክር፣ ሌላው ላይ አባቴ ፋይል የሚያስርበትን ክር ጠመጠምኩ። በቡፌው ሁለት ጫፍ አቆምኳቸው፤ የእናቴን በቀኝ፣ የአባቴን በግራ። ቦታቸውን ከዳንቴሉ ሥር በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። በዚያ ዘመን ሻማ የማይታይበት ቡፌ ስላልነበር ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ደብተሩን እኔ በማውቀው መንገድ ያዝኩት።

ቁጥር፦ 1
ቀን፦ ሰኞ
ጉዳዩ፦ እናትና አባትን ስለማነጋገር
ጨረቃ፦ በደመና ምክንያት አልታየችም
የሻማው ቀለም፦ ነጭ (ሱቁ ሌላ ቀለም የለውም)
ውጤት፦ ገና

ከዚያ ከትምህርት ቤት ደብተሮቼ መካከል ሰካሁት። ደብተርን ከደብተር ውስጥ ማን ይለየዋል ብዬ ነው።

ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ እናቴ ማድ ቤት፣ አባቴ ገና መንገድ ላይ ሳሉ፣ ሻማዎቹን አበራ ነበር። ውጭው ግራጫ ነው። ዝናቡ ከመውረዱ በፊት ያለችው ያቺ ጸጥታ ትመጣለች፤ የሚኒባሱ ረዳት ጥሪ ከሩቅ ይሰማል፤ ከግቢው የምስር ወጥ ሽታ ይገባል። ሁለቱን ነበልባል ትክ ብዬ ሳይ ዓይኔ ይፈዝና ክፍሉ ይሰፋል፤ ግድግዳው የሚርቅ፣ ወንበሮቹ የሚንሳፈፉ ይመስለኛል። እንደ መጸለይም ነው፣ እንደ ማንቀላፋትም ነው። ትንሽ ቆይቼ አጠፋና እያንዳንዱን አራት ጣት አስጠግቼ አዲሱን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ።

ያላሰብኩበት ነገር ፈረቃው ነበር። በማግስቱ መብራት ሲጠፋ አባቴ ያለ ወትሮው ኪሱ ውስጥ ክብሪት ፈልጎ አጠገቡ ያለውን ሻማ ለኮሰና ጋዜጣውን ዘረጋ። እናቴ የእሷን ለኩሳ ምስር መልቀም ያዘች። የተሰየመ ሻማ ለጋዜጣና ለምስር! ውጤት በሚለው ሥር «ሳይበላሽ አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ።

ግን ሻማው ከጥጉ ስለራቀ ለማንበብ አባቴ ወንበሩን ትንሽ ሳብ አደረገ። እናቴም ጠጠሩ አልታይ ሲላት ሳብ አለች። ብርሃኑ ሲሄድ ወንበሮቹ ተከተሉ።

በአራተኛው ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ። ሰዓቴ ደርሶ ዳንቴሉን ገለጥ ሳደርግ ሁለቱም ሻማዎች ከምልክታቸው ላይ የሉም። እኔ ካቆምኩባቸው ቦታ በግማሽ ስንዝር ተጠጋግተዋል። ወዲያው ጻፍኩ፦ «ሳልነካቸው ሁለቱም ተጠግተዋል።» ከዚያ በዝናብ ወጥቼ ሊያ ጋ ሮጥኩ።

«ቡፌያችሁ ጠማማ ይሆናል» አለችኝ።

«ጠማማ ቢሆን ወደ አንድ ወገን ነው እንጂ ወደ መሃል ይሄዳል?»

የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ስመለስ በቂርቆስ በኩል ዞሬ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ ይቅር በለኝ ግን አታስቁመው ብዬ ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ይኑር አይኑር አላውቅም።

በስድስተኛው ቀን ሻማዎቹ ጎን ለጎን ቆመው አገኘኋቸው። ሰባተኛ ቀን አላስፈለገም። ያ ቀን የመብራት ፈረቃችን አልነበረም፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። የእናቴ ሻንጣ ተዘግቶ መጋረጃው ሥር ቆሟል። ሁለቱ ወንበሮች በሁለቱ ሻማዎች ዙሪያ፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው። እሱ ጋዜጣውን፣ እሷ ምስሯን ይዘዋል። አባቴ ገጽ ሲገልጥ የጋዜጣው ጫፍ ነበልባሉን ነካ።

«ኢድካ! ኢድካ!» ብላ ጮኸች እናቴ። እጅህን፣ እጅህን ማለቷ ነው።

ምስሩ ተበተነ። እጁን ይዛ የውሃው ጆግ ውስጥ ነከረችው። ጋዜጣው መሬት ላይ ጢሱን ጨረሰ። እጁ እጇ ውስጥ እንዳለ፣ አባቴ ቀና ብሎ ሳያያት፣ በትግርኛ፣ «አልረሳሁትም እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው።

«ከዚህ ቤት መውጣት ፈርቼ ነው። ከዚህ ሌላ ቤት ኖሮኝ አያውቅም።»

«እሱንስ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ያን ምሽት ማንም በእኔ በኩል አላወራም። እኔ መሬት ላይ ምስር እለቅማለሁ፤ እነሱ ከበላዬ ያወራሉ፤ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ አይገባኝም። እንባዬን ማንም አላየውም። ደብተሬ ላይ «ውጤት፦ ተነጋገሩ» ብዬ ጻፍኩ። ሻንጣው ለእንቁጣጣሽ ባዶውን አልጋ ሥር ተመለሰ።

በሳምንቱ ደብተሩን ከቦታው አጣሁት። እናቴ አግኝታ ለንስሐ አባታችን ልትሰጠው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ ቀረ። ዳግመኛ ግን አልሞከርኩም። አንድ ጊዜ ከተሰጠሽ ደጋግመሽ አትጠይቂም የሚል ስሜት ነበረኝ።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው። ከአርባው በኋላ ፋይሎቹን ሳስተካክል፣ ከውሃና መብራት፣ ከዕድር፣ ከቀበሌ ክላሰሮች ኋላ «የቤተሰብ ጉዳይ — ምስጢር» የሚል አገኘሁ። ውስጡ ደብተሬ ነበር፣ በቁጥር ገብቶ። በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ በአባቴ ጽሑፍ «ነገሩ ከእምነታችን ጋር አይሄድም። ሆኖም ሐሳቡ ቅን ስለሆነ በዝምታ ይታለፍ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ። በሚቀጥሉት ሁለት ገጾች ላይ «ታይቷል»፣ «ታይቷል»። የዚያን ጊዜ ከዚያ ወዲያ ሳልገልጥ አልቅሼ መልሼ ዘጋሁት። እናቴን ለመጠየቅ ጊዜው አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ነው አውጥቼ ለሜላት ያነበብኩላት። አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የአባቴ ማስታወሻ ረዘም ይላል፦ «የግራውን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። የቀኙን አልነካሁም። ማን እንዳስጠጋው ይጣራ።»

«ታዲያ የቀኙን ማን አስጠጋው?» አለች ሜላት።

«አስተማሪ ነኝ» አለች እናቴ ከሶፋው ላይ። «ልጄ ስትደብቀው ያየሁትን ደብተር ሳላነብ ላልፍ ነው?»

ዞሬ አየኋት። «እማዬ! ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም?»

«እሱስ መች ነገረኝ?»

እኔ አንድ አስማት የሠራሁ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ለካ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የእናቴ ሻማ እንዴት እንደመጣ ሲገርመው፣ እሷም የእሱ እንዴት እንደመጣ ሲገርማት ኖረዋል። ሠርቷል ወይስ አልሠራም ብላ ሜላት ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም። ለሳሮን ግን ደውላ የራሷን ሻማ እንድታስጠጋ ነገርኳት፤ የሌላውን ለባለቤቱ ተይው አልኳት።

እናቴ ፋይሉን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀች። መነጽሯን አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ በዚያ ባልተለወጠ የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፏ፣ «ይጣራ» ከሚለው ሥር ሁለት ቃል ጻፈች። በትግርኛ ነው። «ኣነ እየ»። እኔ ነኝ ማለት ነው።

አንገቷን ሳታቀና እስክሪብቶውን ሰጠችኝ።

«ቀኑን ጻፊበት» አለችኝ። «አባትሽ ቀን የሌለው ወረቀት አይቀበልም።»