የግራ እጅ ጓንቶች

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ልነቀል ሆስፒታል ሄጄ፣ ወንበሩ ላይ አንጋለው መብራቱን ፊቴ ላይ እንዳበሩት፣ ልጅ እግሯ ነርስ ጓንቷን ከካርቶኑ መዝዛ ስታጠልቅ የላስቲኩ ሽታ አፍንጫዬን መታውና፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ "የቀኝ ነው የግራ?" ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቷ ሳቅ አለች። "እማማ፣ የዘንድሮ ጓንት እኮ ግራ ቀኝ የለውም፤ ለሁለቱም እጅ ይሆናል" አለችኝ። ይህን ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው ይኖራል? እኔ አለቀስኩ። መርፌውን የፈራሁ መስሏት "አይዞዎት፣ አያምም" እያለች ትከሻዬን ስታሻሸኝ፣ እኔም መርፌ የፈራ ሰው ሆንኩላት፤ የማለቅሰው በጂፕ ሞተር ምክንያት ነው ብላት ወደ ሌላ ክፍል ትመራኝ ነበር።

ቤቴ ሸዋ በር አካባቢ ነው፤ አባቴ ያስቀረልኝ፣ ለሦስት ሰው ጠቦን የኖረ፣ አሁን ለእኔ ለብቻዬ የሚሰፋኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት። ጉንጬ እንዳበጠ ገብቼ፣ ሻይ እንኳ ሳልጥድ፣ ከአልጋው ሥር የድሮውን የብስኩት ቆርቆሮ ጎትቼ አወጣሁት። ወዲያው ግን አልከፈትኩትም። ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ።

አባቴ የእንስሳት ክትባት የሚያመላልስ የመንግሥት ጂፕ ሾፌር ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሐረር የቀረ፣ ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር ረዘም ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው። እናቴ ነርስ ነበረች፤ የተመደበችው ግን ከተማው ውስጥ ሳይሆን ከኤረር ወንዝ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። ዝውውር በጠየቀች ቁጥር "ትንሽ ታገሺ" ስትባል፣ ጥርስ ሳላበቅል ትታኝ መሄድ ጀምራ፣ እኔ የወተት ጥርሴን አውልቄ ጨረስኩ። ሰኞ በጠዋት ሄዳ ቅዳሜ ትመለሳለች። በበጋ ያገኘችው የጭነት መኪና ሁሉ ያመጣታል። ክረምት ሲገባ ግን ኤረር ይሞላል፤ ያኔ ድልድይ አልነበረውም፤ ከባድ መኪኖቹ አሸዋው እንዳይውጣቸው ፈርተው ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመው ይተያያሉ። እሷን ማምጣት የሚችለው የአባቴ ጂፕ ብቻ ነበር፤ እሱም ከቻለ።

ስለዚህ እኔ ዝናብ አልወድም ነበር። የሰፈራችን ልጆች በጀጎል ግንብ ሥር በሚወርደው ጎርፍ የወረቀት ጀልባ ሲነዱ፣ እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ሰማዩን እሰድባለሁ፤ ጣሪያችንን የሚደበድበው ውሃ ዞሮ ዞሮ ኤረር እንደሚገባ፣ ገብቶም እናቴን እንደሚይዝብኝ አውቃለሁ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ሽሮ ሠርቶ እንበላለን፤ እሱ ዝም፣ እኔ ዝም፣ የሚያወራው ዝናቡ ብቻ። የእናቴ ነጠላ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ስለሚሰነብት፣ አባቴ ሳያየኝ ሄጄ አሸተዋለሁ። አንድ ቀን ታዲያ እሱም ሲያሸተው አየሁት። እንዳየሁት አወቀ፤ ነጠላውን እንደሚያቃና ሰው አድርጎ ዞር አለ። ያን ጊዜ ስለዚህ ነገር ብናወራ ኖሮ ሁለታችንም ብቻችንን ባልሆንን ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

አርብ ከሥራ መልስ የጂፑን ኮፈን ይከፍታል። የቤንዚን ሞተር ውሃ የሚፈራው እሳቱ ጋ ነው። ብልጭታውን ከሚያመነጨው ኮይል የተነሳው እሳት በአንድ ገመድ ዲስትሪቢዩተር የሚባለው ነገር ጥቁር ክዳን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በአራት ገመድ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት አራት ካንዴላዎች ይታደላል፤ እዚያ ክዳን ውስጥ ትንሽ ውሃ ጠብ ካለ መኪናው ወንዙ መሀል ቀጥ ይላል። አባቴ የገመዶቹን አንገት ሁሉ ግራሶ ይቀባል። ከዚያ እናቴ ከጤና ጣቢያው የምታመጣለትን፣ በመቀቀል ብዛት ለሥራ የማይሆነውን የላስቲክ ጓንት ያነሳና የጣቶቹን ጫፍ ቆርጦ ክዳኑ ላይ እንደ ኮፍያ ያጠልቀዋል። አራቱ ጣት ለአራቱ የካንዴላ ገመድ፣ አውራ ጣቱ ለኮይሉ። አባቴ በሌላ ነገር ይህን ያህል ሲደሰት አላየሁም፤ እግዜር የሰውን እጅ የሠራው ጂፕን አስቦ ይመስለው ነበር። እያንዳንዱን ጣት ከአሮጌ ከመነዳሪ በቆረጠው ቀጭን ጎማ ያስራል፤ ከታች አንጓው ጋ ግን ላላ ያደርገዋል። "ይተንፍስ፤ አለዚያ በራሱ ላብ ይረጥባል" ይላል፣ ለእኔ ይሁን ለሞተሩ ሳይለይ።

ታዲያ ጓንት የሚመጣው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው፤ አባቴ ደግሞ የሚጠቀመው በቀኙ ብቻ ነበር። የግራው አውራ ጣት ከኮይሉ በተቃራኒ ስለሚዞር ገመዱን ያጣምመዋል ብሎ ወስኗል፤ አባቴ አንዴ ከወሰነ ደግሞ አለቀ። የሞተሩ ሙቀት ላስቲኩን ቶሎ ስለሚበላው ቀኞቹ ይሄዳሉ፣ ግራዎቹ ዱቄት ተነስንሶባቸው እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማሉ። መጣል አይሆንለትም፤ የእሷ ናቸዋ።

አንድ የነሐሴ ሳምንት ላይ ግመሎቹን ይዞ ኤረርን የተሻገረ ነጋዴ አባቴን ፈረስ መጋላ ገበያ አገኘውና፣ እናቴን ወባ ጥሏት እህል ከቀመሰች እንደቆየች፣ ጤና ጣቢያው ያለው መድኃኒትም እንዳልያዘላት ነገረው። አባቴ ወደ ማዶ በሚመለሱት የነጋዴው ግመሎች "ነገ ወንዙ ዳር አምጧት" የሚል መልእክት ላከና ኮፈኑን ከፈተ። የቀኝ ጓንት አልቆ ነበር። ቆርቆሮውን ከፈተ፣ ግራዎቹን አገላበጠ፣ መልሶ ከደነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ አሰረው። በማግሥቱ እኔንም የሚተውበት ሰው ስላጣ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፤ እኔም ቆርቆሮውን አንስቼ አቀፍኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የእናቴ ነገር ስለሆነ ይሆናል።

ወንዙ ዳር ኦቦ ሙሜ ቆመዋል። እዚያው ዳር የሚያርሱ፣ ውሃውን በበትራቸው እየለኩ መኪና የሚያሻግሩ ሽማግሌ ነበሩ። "አቦ ሾፌር፣ ዛሬስ ይቅርብህ" አሉ። "ወላሂ፣ ውሃው ጨምሯል። ነገ ይጎድላል፣ ኢንሻአላህ።"

"ነገ አይሆንም፣ ኦቦ ሙሜ። ሚስቴ ናት" አላቸው አባቴ።

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰብስበው ፊት ፊታችን ገቡ። አባቴ ማራገቢያው ውሃውን ሞተሩ ላይ እንዳይረጭ የሚያዞረውን ቺንጋ ፈታ፣ አማተበ፣ ተከተላቸው። ውሃው በበሩ ሥር ገብቶ እግሬን ሲነካኝ፣ ማዶ ዛፍ ሥር በጋቢ የተጠቀለለች እናቴን አየኋት። መሀሉን አለፍ እንዳልን ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ። ያን ዝምታ ዛሬም እሰማዋለሁ። ወደ አባቴ ዞርኩ፤ ሲፈራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኦቦ ሙሜ ጮኸው ከማዶ ሰዎች ገመድ ይዘው ገቡና ጎትተው አወጡን። አባቴ ከረጢቱን ሲፈታው ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሸሚዙን አውልቆ ክዳኑን አደረቀ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ግን ራቁቱን ክዳን ይዞ መመለስ አይቻልም፣ በላይ በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠቁሯል። ያ ዝናብ ከደረሰ እናቴ ሆስፒታል አትደርስም።

ከንፈሯ ደርቆ፣ እየተንቀጠቀጠች "ምን ሆናችሁ ነው?" አለች።

"የቀኝ ጓንት የለም። ያለው ግራ ብቻ ነው" አላት።

እናቴ አየችው። ከዚያ እኔ ያቀፍኩትን ቆርቆሮ አየች። ክፈቺው አለችኝና አንድ የግራ ጓንት አንስታ በትኩስ ትንፋሿ ነፋችው፤ ከትንሿ ጣት ጀምራ፣ አንድ በአንድ ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠችው። ግራው ቀኝ ሆነ። "ይኸው ቀኝ" ብላ ሰጠችው።

ቀድመው የገባቸው ኦቦ ሙሜ ናቸው። "ያ አላህ!" ብለው በትራቸውን ጥለው እስኪቀመጡ ሳቁ። አባቴ ጓንቱን አየ፣ በግራ እጅ ጓንት የተሞላውን ቆርቆሮ አየ፣ "ይኼን ሁሉ ዓመት..." ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። እናቴ ጥርሷ እየተፋጨ ሳቀች፤ እኔም ሳቅዋን ስሰማ እንደማትሞት አወቅኩ። ስንመለስ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ስላደረገች የትኩሳቷ ሙቀት በቀሚሴ አልፎ ይሰማኝ ነበር፤ ሞተሩ አንዴም አልሳለ።

ዳነች። ዝውውሩም ኋላ መጣላት። ለአባቴም በጂፑ ፋንታ የናፍጣ መኪና ሰጡት፤ ናፍጣ ካንዴላ የለው፣ እሳት የለው፣ ውሃ አይፈራም፤ አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንደ እንግዳ ዕቃ ነዳው። እናቴ እዚህ ቤት አርጅታ ሞተች፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ትዳሬ አልበረከተም፣ ልጅ አልወለድኩም። አምና ለለቅሶ ወደ ጅጅጋ ስሄድ አውቶቡሱ ኤረርን በድልድይ አለፈው፤ ከጎኔ የነበረው ጎረምሳ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። እኔ ዛፉን ፈልጌ ማዶውን አየሁ። ዛፉ የለም፤ ቢኖርም የሚጠብቀኝ የለም።

ቆርቆሮውን ከፈትኩት። አንድ ጓንት ቀርቷል፣ የግራ። ያበጠ ጉንጬ እያመመኝ ነፋሁት፤ ከትንሿ ጣት ጀምሬ፣ እንደ እሷ ቀስ ብዬ ልገለብጠው ሞከርኩ። ላስቲኩ ደርቋል፤ አውራ ጣቱ ጋ ስደርስ ተሰብሮ ዱቄቱ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

ይህን ጊዜ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ። እንደ ልጅነቴ ልሰድበው ቀና አልኩና ተውኩት። ይዝነብ፤ የሚይዝብኝ ሰው የለም።