የጥቅምት ብስክሌት

ጥቅምት በገባ ቁጥር ሽሮ ሜዳ ጎሚስታው ዘንድ የሚመጡ አንድ ሸማኔ አዛውንት አሉ። ብስክሌቱን እየገፉ ይመጣሉ እንጂ ተቀምጠውበት አላየሁም። በእጃቸው የሠሩትን ጋቢ ተጠቅልሎ የሚከርመው ብስክሌቱ ነው፤ እሳቸው ክርኑ ያለቀ ኮት ነው የሚለብሱት።

«ለብስክሌት እንደ ጥቅምት የለም። ጭቃው ይደርቃል፣ ፀሐዩም አይከፋም» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ብስክሌቱ የልጃቸው ነው። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ከምጽዋ ነበር።

ዘንድሮ ከእኔ ጋር ወረፋ የያዘ አንድ የጦር መኪና ሾፌር ከምጽዋ መመለሱን ሲያወራ ሰሙና ጠጋ አሉት።

«እዚያስ ብስክሌት በየትኛው ወር ይነዳል፣ ልጄ?»

«ከኅዳር እስከ የካቲት ነው አባባ። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ አያስወጣም።»

«እንግዲያው ያንን ሳያሳልፍ አይመጣም» አሉ። ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ሾፌሩ ለወታደር ብስክሌት ማን ይሰጠዋል አላላቸውም፤ ተራውን ለቀቀላቸው።

ጎሚስታው ነፍቶ ሲጨርስ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«ትንሽ ጨምርበት» አሉት። «ሲሄድ ቀጭን ነበር፤ አሁን ከብዶ ይሆናል።»